ምራቁን የዋጠ ሙሽራ

ቢያዝን ማሩ ምራቁን መትፋት ካቆመ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ሦስት ሳምንት ምራቅ አለመትፋት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ወፍጮ ቤት ሠርታችሁ ስለማታውቁ ነው! የድብ ባሕር ወፍጮ ጠዋት የገብሱን ብናኝ፣ ቀትር ላይ የበርበሬውን፣ አመሻሽ ላይ የሽሮውን ጉሮሮ ላይ ይለጥፋል። ሌላ ሰው ቢሆን በየደቂቃው ደጅ ወጥቶ እንትፍ ይላል። ቢያዝን ይውጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ገብስ ዋጠ። በሁለተኛው በርበሬ ዋጠ፤ ያን ሳምንት ዓይኑ ፍም መስሎ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሲያዛጋ አንዲት ወፍራም ዝንብ ገባችበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ስለሚያዛጋ አፍ ግን ማንም አላስጠነቀቀውም። ግራ ቀኝ አየ። ደጁ ላይ አራት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ አራቱም ዓይናቸውን ተክለውበታል። ምን ያድርግ? ዋጣት።

ይህ ሁሉ ስለ ይርገዱ ነው። ይርገዱ የየኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፤ የኔታ ደግሞ የደብሩ የንባብ መምህር፣ ባካባቢው አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው። ቢያዝን በአያ ወልደኢየሱስ መሪነት ሦስት ሽማግሌ ላከባቸው። የኔታ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ ጢማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፤ "ልጁ ሸጋ ነው። ሠርቶ አዳሪ ነው። ግን የዛሬ አራት ዓመት የሆነውን አገር ያውቃል። በአጥንታቸው ያለ ነገር እንደ ሆነ ለልጅ ልጄ ይተርፋል። እስቲ እስከ ጥር መጨረሻ እሑድ ልየው። ምራቁን የዋጠ መሆኑን ካየሁ ልጄን እሰጣለሁ።"

የዛሬ አራት ዓመት የሆነው ይህ ነው። ቢያዝን እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዐሥራ አንድ ቀን። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የወፍጮውን ጄኔሬተር "ስለ እኔ ማውራትህን ተው!" ብሎ ተጣላው፤ በአካፋም ሁለት ጊዜ መታው። ጸበል ወሰዱት፤ ከዚያ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰዱት። ተኛ፣ ክኒን ተሰጠው፣ ዳነ። ይኸው እስከ ዛሬ ክኒኑን አንድ ቀን ሳያጓድል ይወስዳል፤ ጄኔሬተሩንም ዘይት ከማጠጣት በቀር ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ግን አንዴ አብዷል የተባለ ሰው ጣጣው አያልቅም። ቢስቅ "ጀመረው" ነው። ቢተክዝ "ጀመረው" ነው። ኳስ እያየ ጎል ብሎ ቢጮህ እንኳ ጎረቤት ገመድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ነው አያ ወልደኢየሱስ የየኔታን መልስ ይዘውለት ሲመጡ የተጨነቀው። የቃሉ ትርጉም ጠፍቶት አይደለም፤ ምራቁን የዋጠ ማለት ረጋ ያለ፣ የበሰለ ሰው ማለት መሆኑን የድብ ባሕር ፍየልም ታውቃለች። ቢሆንም የኔታ የፊደል ሰው ናቸው። ትርጉሙን አልፈው በቃሉ ቢይዙትስ? ቢያዝን ለሁለቱም ተጠነቀቀ። ረጋም አለ፤ ዋጠም።

እሑድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፈህሚያ መጣች።

ፈህሚያ የጎንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም ፒያሳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እሷ ግን ሱቁን ትታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የአእምሮ ሕመም ማጥናት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዙሌይካ ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ሐኪም ናት" ብለው ያልፋሉ። "ልጄ አገር ላገር እየዞረች የሰው ምራቅ ትለቅማለች" ማለት ለእናት ይከብዳላ! ሰማያዊ የበረዶ ሳጥኗን አንግታ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ስትቆም ሴቶቹ የክትባት ሰው መጣች ብለው ልጆቻቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ።

"ጤና ኬላው ነው የላከኝ!" አለች በወፍጮው ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ኤፒጄኔቲክስ ነው የማጠናው!"

"ምን?"

"ኤፒ... ጄኔ... ቲክስ!"

"ጄኔሬተሩ ደኅና ነው!" ብሎ ጮኸ ቢያዝን። "ትናንት ነው ዘይት የቀየርኩለት!"

ወፍጮው ጠፍቶ ነገሩ በጸጥታ ሲነገር እንዲህ ሆነ። ፈህሚያ የምትፈልገው በሰባ ሰባቱ ረኀብ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎችንና፣ እህል ከተገኘ በኋላ የተወለዱ ወንድም እህቶቻቸውን ነው። ረኀቡና ጭንቀቱ ገና ባልተወለደ ልጅ ሰውነት ላይ ምልክት ይተዋል ወይ? ያስ ምልክት ኋላ ለአእምሮ ሕመም ያጋልጣል ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነው። ቢያዝን የሐምሌ ሰባ ሰባት ልጅ ነው። ወንድሙ የተወለደው በሰማንያ ነው፤ እሱም እዚያው ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ስሙም ይበልጣል ነው። ጣጣው ከዚህ ጀመረ።

"ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?" አለች ፈህሚያ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

"እሱ ነዋ" አለ ቢያዝን ወደ ወንድሙ እየጠቆመ።

ጻፈች። "ስለዚህ ታላቁ እሱ ነው።"

"የለም፣ ታላቁ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ይበልጣል?"

"እሱ ነው አልኩሽ እኮ!"

ሰረዘች። "ይቅር። አንተ ስምህ ማን ነው?"

"ቢያዝን።"

"ማን ቢያዝን?"

"እኔ።"

"አንተ ብታዝን ምን ትሆናለህ?"

"ምንም አልሆን። ቢያዝን ነኝ።"

ፈህሚያ ቅጹ ላይ "ሐዘን፦ አለ" ብላ ልትጽፍ ስትል ይበልጣል ጆንያ ላይ ወድቆ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ቢያዝን ሊስቅ አለና ደጅ ያሉትን ሴቶች አይቶ ተወው።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀችው። "እናታችሁ አንተን አርግዛ ሳለች ምን ትበላ ነበር?"

ቢያዝን የእጁን ዱቄት በሱሪው ጠረገ። እናቱ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። ስለ ሕመሙ ሰው ሁሉ ጠይቆታል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን አስደገመብህ ያላለው የለም። እናቱ ምን በላች ብሎ የጠየቀው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። "ሳማ" አለ። "ሳማ ቀቅላ ትበላ ነበር። ኋላ ሳማውም አለቀ አለችኝ።" እንባው መጣ፤ እሱንም ዋጠው።

"አሁን የቀረን ምራቅ ብቻ ነው" አለች ፈህሚያ፣ ጣት የምታክል ብልቃጥ እየዘረጋችለት። "እዚህ መስመር ድረስ ትተፋበታለህ።"

ቢያዝን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። "ደም ውሰጂ" አለ። "ጥፍር ውሰጂ። ጥርስም ከፈለግሽ አንድ የሚነቃነቅ አለኝ። ምራቅ ግን እስከ እሑድ የለኝም።"

"ምነው?"

ነገራት። ፈህሚያ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ተወች። ቢያዝን ደግሞ ድንገት ተስፋ አደረበት። "እንዲያው ይህ ሕመም በአጥንት አለመሆኑን የሚገልጥ ወረቀት፣ ማኅተም ያለው፣ እስከ እሑድ ይደርስልኛል?"

"ውጤቱ ዓመት ይፈጃል" አለች። "ልዋሽህ አልችልም። ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። ዘር ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ያሳለፍነውም ይጨመርበታል። ስንቱ ከዘር ስንቱ ከኑሮ የሚለውን ነው የምንፈልገው።" ቢያዝን ብልቃጧን አየ፤ ሳማውን አሰበ። ስለ እናቱ የጠየቀችን ሰው ባዶ እጇን መስደድ አንጀቱ እምቢ አለው። "ሰው በማያይበት እንደ ሆነ" አለና ተቀበላት።

ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ገብቶ ተቀመጠ። ይበልጣል የራሱን ሁለት ጊዜ እንትፍ ብሎ ሞልቶ ጨርሷል፤ ያ ልጅ ምራቁን ውጦ አያውቅም። ቢያዝን ግን ክኒኑ አፉን ያደርቅበታል፤ የቀረውን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲውጠው ነው የኖረው። እንትፍ ቢል ዱቄት ወጣ። "ሎሚ አስብ!" አለችው ፈህሚያ ከወዲያ። ሎሚ አሰበ። "አረፋው አይቆጠርም!" አለችው ደግሞ። ሁለት ሎሚ አሰበ። ቆይቶ ቆይቶ አፉ ሞላለት፤ ብልቃጧን ወደ ፀሐይ አንሥቶ መስመሩን ሲለካ ከአጥሩ ማዶ አህያ አናፋች። የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ገብሳቸውን ጭነው በጓሮ በኩል እየመጡ ነበር።

"ቢያዝን?" አሉ።

ወይ መከራ! ቢውጠው ብልቃጧ አትሞላም፤ ቢተፋው የኔታ ያያሉ። "እምምም" አለ።

"ኧረ በስመ አብ! ልሳኑ ተያዘ!"

ቢያዝን ጨነቀው። ቸኮለ። አፉ ያለውን ሁሉ ብልቃጧ ውስጥ እንትፍ አለና ብድግ ብሎ እሷኑ ወደ የኔታ ዘረጋ። "የኔታ፣ አይሥጉ! ለዚያ ነገር ነው... ለኤፒ... ለጀኔ..." ያ የተረገመ ቃል ጠፋው። በምትኩ የመጣለትን ተናገረ። "ለጄኔሬተሩ ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኔታ አህያዋን ከነገብሷ አዙረው ወደ ቤታቸው ገሠገሡ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ድብ ባሕር ሁሉ ሰማ። ቢያዝን ተነሣበት፤ ለጄኔሬተር ምራቅ ይሰጣል፤ በብልቃጥ እየለካ ነው አሉ። አያ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን እየጎተቱ መጡና ጆንያ ላይ ዘፍ አሉ። "አበቃ ልጄ" አሉ። "የኔታ እሑድም አትምጡ ብለዋል።"

ቢያዝን ከጆንያው ሥር ተቀመጠ። አለቀሰ። የተበደለ መስሎ ሳይሆን፣ እውነት ይሆን እንዴ ብሎ ነው ያለቀሰው፤ ምናልባት እነሱ የሚያዩትን እሱ አላየው ይሆናል ብሎ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ለጠላትም አይስጥ። ፈህሚያ ሳጥኗን ዘግታ መኪና ልትጠብቅ ነበር፤ አየችው፤ ሳጥኑን እንደገና አነገተች። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ተነሡ። እንሂድ።"

የየኔታ ቤት ከደብሩ ሥር ነው። ይርገዱ በሩን ከፈተች፤ ቢያዝንን አየች፤ ምንም ሳትል ሦስት በርጩማ አቀረበችና አባቷ እንዳያዩዋት ለቢያዝን ትልቁን ሰጠችው። ይበልጣል ደጃፉ ላይ ቆመ። የየኔታ ባለቤት እማማ ደብሪቱ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ያንቋቋሉ።

ፈህሚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። ምራቁን ያስተፋችው እሷ መሆኗን፣ ጄኔሬተር ያለው ቃሉ ጠፍቶት መሆኑን ተናገረች።

"ቃሉ ማን ነው?" አሉ የኔታ።

"ኤፒጄኔቲክስ።"

"በል እስቲ በለው" አሉት ቢያዝንን። ቢያዝን ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ጄኔሬተር ላይ ወደቀ። የኔታ ተቆጡ። ቃል የሚከብዳቸው ሰው አይደሉምና ራሳቸው ሊያሳዩት ጀመሩ። "ኤጲ... ኤጲ..." ጢማቸውን ያዙ። "ኤጲስ ቆጶስ ነው የምትይው?"

ደጃፉ ላይ ይበልጣል ሳቁን ሊያፍን ነጠላ ነከሰ።

"የኔታ" አለች ፈህሚያ፣ "እኔ ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስቀራ ሸዳ የምትባል ምልክት አለች። ትንሽ ናት፤ ከፊደሉ በላይ ነው የምትቀመጠው። ፊደሉን አትነካውም፤ ንባቡን ግን ታጠብቀዋለች። እኛ የምናጠናው እሷን የመሰለ ነገር ነው። ፊደሉ ከእናት ከአባት ይመጣል። ረኀብና ሐዘን ደግሞ ከላዩ ምልክት ያስቀምጡበታል፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ንባቡ ይለወጣል። አንዳንዱ ምልክት ይጸናል፤ አንዳንዱ የሚለቅ ይመስላል። ገና አልጨረስነውም።"

የኔታ ቀና አሉ። "ቆይ፣ ቆይ! ይህማ የኛ ሙያ ነው! በግእዝ ንባብ ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ። ፊደሉን ማንም አልነካው፤ የንባቡ ድምፅ ግን ባንዱ ይነሣል፣ ባንዱ ይወድቃል..." ብለው ስለ ተነሽና ወዳቂ ጀመሩ። አያ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንቀላፉ፤ ነቁ፤ እንደገና አንቀላፉ። የኔታ አሁንም ወዳቂ ላይ ናቸው። "ተማሪዬ በወዳቂ የሚነበበውን በተነሽ ቢያነብብኝ" አሉ በመጨረሻ፣ "መጽሐፉን አልቀድበትም። ንባቡን አቃናለሁ እንጂ።"

"ታዲያ ይኸን ልጅ ምነው ቀደዱት?" የሚል ድምፅ ከጓዳ ወጣ። እማማ ደብሪቱ ናቸው። "የሰባ ሰባቱን ንገሯቸው እንጂ።"

ይርገዱ ወደ አባቷ ዞረች። አያ ወልደኢየሱስም ነቁ።

የኔታ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። "በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች ቀበርን" አሉ፤ ድምፃቸው የመምህር ድምፅ አልነበረም። "ከዚያ ስድስት ወር አልተናገርኩም። ከደብሩ ዋንዛ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ፣ አደርኩ።"

"ሰው ሱባኤ ገቡ አለ" አሉ እማማ ደብሪቱ ብቅ ብለው። "አንዱም አብደዋል አላለም፤ የኔታ ናቸዋ! በእጄ እያጎረስኩ ያኖርኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሱባኤ የገባ ሰው ዋንዛ በድንጋይ አይደበድብም!"

ቢያዝን እዚያ ቤት ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ቀና አደረገ። "የኔታ" አለ፣ "ዋንዛው ምን አደረገዎ?"

የኔታ አዩት። "ስለ እኔ ያወራ ነበር" አሉ።

"ጄኔሬተሩም እንደዚያው ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ የኔታ። "ያን ጊዜውኑ አውቄ ነበር። ማወቄ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው የራቅኩህ።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ፈህሚያ ዘረጉ። "ስጭኝ እስቲ ያችን ብልቃጥ።"

ፈህሚያ ደነገጠች። "የኔታ፣ እርስዎ እኮ በጥናቱ የሉበትም።"

"በሰባ ሰባት ነበርኩበት።"

ምን ትበል? ትርፍ ብልቃጥ አወጣች። አገር ሁሉ ምራቃቸውን የዋጡ የሚላቸው ሰው እንትፍ አሉ። ስንት ዓመት ተውጦ የኖረ ምራቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተፉት፣ መስመሩን አልፎ ክዳኑ ላይ ደረሰ። "አረፋውን እንዳትቆጥሪ" ብለው ብልቃጧን መለሱላት። ፈህሚያ "ለጥናቱ ባይሆንም እኔ አስቀምጠዋለሁ" አለችና በሳጥኑ ጥግ ለብቻው አኖረችው።

የኔታ ተነሡ። "አያ ወልደኢየሱስ፣ እሑድን ምን አስጠበቀን? ሽማግሌ እዚሁ ነው፣ ልጁ እዚሁ ነው። ይርገዱ፣ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ገና ዛሬ ነው የተጠየቅኩት" አለች ይርገዱ። "በልቤማ እሺ ካልኩ ሦስት ሳምንቴ።"

የኔታ ቢያዝንን አንበርክከው ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። መረቁት፤ ውለድ ክበድ አሉት፤ ከልባቸው ሲመርቁ እንደሚያደርጉትም ቱፍ ቱፍ አሉበት። ጠብታው ግንባሩ ላይ አረፈ። አልጠረገውም።

ቢያዝን ደጅ ወጣ። አጥሩ ጋ ሄደ፣ ግራ ቀኝ አላየም፣ ጉሮሮውን ጠራረገና የሦስት ሳምንቱን ገብስ፣ በርበሬና ሽሮ እንትፍ! አለው። ደገመው። ጫካው ውስጥ ያለች ቆቅ ደንግጣ በረረች። ዞር ሲል ይርገዱ ከኋላው ቆማለች።

"ዝንቧስ?" አለችው።

ቢያዝን ክው አለ። "ማን ነገረሽ?"

"አራት ሴቶች ነበሩ አይደል? አራቱም ነገሩኝ።"

"እሷንማ ውጫታለሁ" አለ።

ይርገዱ ሳቀች። ቢያዝንም ሳቀ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ አጥሩን ይዞ፣ ጎኑን እስኪያመው፣ ደብሩ ድረስ እስኪሰማ ሳቀ። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው አዩት። የኔታ ከደጃፋቸው በኩል ዞረው አዩአቸውና ሰዎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ አንዱም "ጀመረው" አላለም።